ስለ አንዲት አሮጌ መኪናና ስለ መዶሻ

ጠገነ የሚለው ግስ በአማርኛ የወጌሻ ቃል ነው። እጁ ወይም እግሩ የተሰበረ ሰው ሲገኝ ወጌሻው አጥንቱን ዳስሶ በየቦታው ይመልሰዋል፤ በስንጥርና በጨርቅም አጥብቆ ያስረዋል፤ ይህ ሥራ ጥገና ይባላል። በትንቢተ ኢሳይያስ በ61ኛው ምዕራፍም የአማርኛው መጽሐፍ ልባቸው ስለ ተሰበረ ሰዎች ሲናገር ይህንኑ የወጌሻ ቃል ወስዶ ለነፍስ አደረገው። ዛሬ ግን ከሰበታ እስከ ቡራዩ በመንገድ ዳር የሚያልፍ ሰው ጥገና የሚል ጽሕፈት የሚያነበው በወጌሻ ደጅ ሳይሆን በጋራዥ ደጅ ነው። ቃሉ ከአጥንት ወደ ብረት ተሻገረ። ይህን ያህል ስለ ቃሉ ከተናገርሁ ዘንድ ወደ ነገሬ እገባለሁ፤ ነገሬም ስለ አንዲት አሮጌ መኪናና ስለ ጠጋኝዋ ነው።

ሰበታ አጠገብ ባለው ጉባኤ ቤታችን ሠላሳ የሚያህሉ የቅኔ ደቀ መዛሙርት አሉ። እኛ በዋሸራ ስንማር ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግተን፥ ከውሻ ጋራ እየታገልን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ቁራሽ እንለምን ነበር፤ የሰፈሩም እናቶች ድምፃችንን ለይተው ያውቁት ነበር። ዛሬ ይህ ልማድ በእኛ አካባቢ እየጠፋ ሄዷል። ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ስም ከሌሎች ከተሞች ጋራ ተጠቃለሉ፤ ከዚያም በፊት ቢሆን አጥሩ የግንብ፥ በሩ የብረት ሆኖ ነበር፤ በበሩም ዘበኛ አለ። ተማሪ ቢጮኽ የሚሰማው ዘበኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ምእመናን በየወሩ እህል ሊያዋጡልን ተስማሙ፤ እህሉንም ከሦስቱ ከተሞችና ከገጠር አብያተ ክርስቲያናት እየዞረች የምታመጣ አንዲት ቶዮታ ሃይሉክስ አለችን። ባለ አንድ ጋቢና ናት፤ ነጭ ናት፤ ናፍጣ ትጠጣለች፤ ዕድሜዋም ከብዙዎቹ ደቀ መዛሙርት ይበልጣል። አንድ ደግ ሰው ሲሞት ለጉባኤ ቤቱ ተናዘዘልን። በኮፈንዋም ላይ፥ ከፊት ለሚመጣ ሰው እንዲነበብ ሆኖ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል ተጽፎባታል። ልመናው ከተማሪው አፍ ወደ መኪናዪቱ ግንባር ሄደ እያልን አንዳንድ ጊዜ እንሥቃለን።

ባለፈው ጥቅምት አንድ ሐሙስ ቀን፥ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ካለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን እህል ጭነን ወደ ሰበታ እንመለስ ነበር። መሪውን የያዘው የእኅቴ ልጅ ነው፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬአለሁ፤ ሁለት ደቀ መዛሙርትም ከኋላ በጆንያው ላይ ነበሩ። ያ አገር ከመናገሻ ሱባ ደን ጋራ የተያያዘ ነው። ደኑን በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የጥድ ዘር ከሰሜን ሸዋ ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል፤ ጥዱ፥ ዝግባው፥ ወይራውና ኮሶው እስከ ዛሬ አለ። ፀሐይ ጠልቃ ወገግታው ብቻ በቀረበት ሰዓት ከግራ በኩል ካለው ቍጥቋጦ አንዲት ድኩላ ዘልላ በመብራቱ መካከል ቆመች። መብራት ዐይኗን ሲይዘው ትሸሻለች ብሎ የሚያስብ ይሳሳታል፤ ትቆማለች እንጂ። የእኅቴ ልጅ ፍሬኑን ረገጠ፥ መሪውን ግን አላጠመዘዘም። ከኋላ ሰው እያለ በኮረኮንች መንገድ ላይ ማጠምዘዝ መገልበጥ ነውና መልካም አደረገ። ድምፁ እንደ ከበሮ ምት አንድ ጊዜ ተሰማ፥ ከዚያም ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። ልጁ ወዲያው ሞተሩን አጠፋው። ይህም ኋላ ላይ ብዙ ገንዘብ አዳነልን፤ ራዲያተሩ ተቀድዶ ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ጥቂት እንኳ ቢነዳ ኖሮ ቴስታታው በሙቀት ይጣመም ነበር፤ ቴስታታው ከተጣመመ ደግሞ ነገሩ የላሜራ መሆኑ ቀርቶ የሞተር ይሆናል።

ስለ ድኩላዪቱ ጥቂት ልናገር። ፈረንጆች በመንገዳቸው የሚመቱት ቀንዱ እንደ ቅርንጫፍ የሆነውን፥ በየዓመቱም ቀንዱን የሚጥለውን አውሬ ነው። ያ አውሬ ከሰሐራ በታች በተፈጥሮ የለም። በመዝሙር 41 ወደ ውኃ ምንጭ የሚናፍቀውን እንስሳ የግእዙ መጽሐፍ ኀየል ይለዋል፥ አማርኛውም ዋላ፤ መተርጕማን ግን በዐይናቸው ያዩት ቀንዱን የማይጥለውን የአገራችንን አውሬ ነበር። በወጨጫ ያለችው የምኒልክ ድኩላ የምትባለው ናት፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ ስፍራ አትገኝም። ወንዱ ጥቁር ሊባል የሚችል ነው፥ ቀንዱም ጠምዛዛ ነው፤ ሴቲቱ ቀላ ያለች፥ ቀንድ የሌላት ናት። ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ሲመሽና ሲነጋ ይወጣሉ፤ ሲደነግጡም እንደ ውሻ ይጮኻሉ። በእኛ ፊት የወደቀችው ሴት ነበረች፤ ገና ትተነፍስ ነበር።

በዚያ አቅራቢያ ያሉ ገበሬዎች ድምፁን ሰምተው ደረሱ፤ አንደኛውም ካራ ይዞ ነበር። የእኅቴ ልጅ «የኔታ፥ ነፍሷ ሳትወጣ ባርከን ብናርዳትስ?» አለኝ። ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። ቀኑ ሐሙስ ነው፥ ጾም የለም። ድኩላ ሰኰናዋ የተሰነጠቀ፥ የምታመሰኳ ናትና በኦሪት ከሚበሉት ወገን ናት። ነገር ግን የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መግደል በ1999 ዓ.ም. በወጣው በዐዋጅ ቁጥር 541 የተከለከለ ነው። በመኪና የተመታችውን ማረድ ይቅር ከተባለ ነገ ሆን ብሎ የሚመታ አይጠፋም፤ ይህንም ነገርኋቸው። ባለ ካራው ሰው «እንግዲህ ለጅብ ትሁን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፥ በቍጣ ሳይሆን በኀዘን፤ ቤቱ ልጆች ያሉት ሰው ነው። ምን ብዬ እንደምመልስለት ሳስብ እርስዋ ሞተች። ደሟ ሳይፈስ ከሞተች ደግሞ የሐዋርያት ሥራ 15ኛው ምዕራፍ ነገሩን ይቈርጠዋል። ገበሬው ካራውን ወደ አፎቱ መልሶ ጆንያውን ከመኪናው ሊያወርድልን ተጋገዘ። የደኑ ጠባቂ በስልክ ተጠርቶ መጥቶ የሰሌዳውን ቍጥር ጻፈ፥ ሬሳዋንም ከመንገድ ወደ ጫካው አስገባው። ጅቡ በዚያች ሌሊት ድርሻውን እንዳገኘ አልጠራጠርም።

በማግሥቱ መኪናዪቱን አይሱዙ ጎትቶ ሰበታ አደረሳት። ፓራውልቱ እንደ ቀስት ጐብጧል፤ የግራው መብራት ደቅቋል፤ የግራው ፓራፋንጎ ወደ ጎማው ገብቷል፤ ራዲያተሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ማራገቢያው ጐኑን ቀድዶታል፤ ኮፈኑም በመካከሉ ሰው ሊተኛበት እስኪችል ድረስ ጐድጕዷል። ኢንሹራንሷ ሕግ የሚያስገድደው የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው፤ ይህም በሌላው ላይ ለምታደርሰው ጉዳት እንጂ በራስዋ ላይ ለደረሰው አይከፍልም። ድኩላ ሦስተኛ ወገን ትባል እንደ ሆነ ጠይቆ የሣቀ አንድ ደቀ መዝሙር ነበር፤ ለአፍታ እኔም ሣቅሁ።

ጉባኤው ሲሰበሰብ አሳቡ ለሁለት ተከፈለ። አንድ ነጋዴ ለመለዋወጫ ሊገዛት ጥሩ ዋጋ አቅርቦ ነበር፤ ስለዚህ እኵሌቶቹ እንሽጣት አሉ። ሌሎቹ ግን፥ እኔም ከነርሱ ጋራ፥ ነጋዴው ስለ ምን ቸኰለ ብለን ጠየቅን። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሏል፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ወጣ። እንግዲህ አሮጌ ያልነው ሁሉ አሮጌ መሆኑ ቀርቶ ቅርስ ሆነ። የእርስዋን ዋጋ ተቀብለን ሌላ የምትተካትን ለመግዛት ብንሄድ የምናገኘው ግማሽዋን እንኳ አይሆንም፤ በመካከሉም ሠላሳ ተማሪ ይበተናል። አንድ ወር ያለ እህል ያደረ ጉባኤ ቤት በሁለተኛው ወር መምህርና ሦስት ተማሪ ብቻ ይቀረዋል፤ ይህን በሌላ ስፍራ አይቻለሁ። በመጨረሻ ትጠገን ተባለ፥ ገንዘቡም ከምእመናን እንዲለመን ተወሰነ።

ከዚህ በኋላ ነው ጋራዥ የሚባለውን ዓለም ያወቅሁት። መጀመሪያ የደነቀኝ ቋንቋው ነው። ፓራውልት፥ ፓራፋንጎ፥ ኮፈን፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮ፥ ቴስታታ፥ ባሌስትራ፥ ብሎን፥ ዳዶ፥ ካቻቢቴ፥ ፒንሳ፤ እነዚህ ሁሉ የጣሊያን ቃሎች ናቸው። ጠላት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በምድራችን ቈይቶ ሲወጣ ከመንገዱና ከመኪናው ጋራ ቃሉን ትቶ ሄደ፤ የእኛም ሰዎች ቃሉን እንደ ምርኮ ይዘው በራሳቸው አገባብ ያረቡታል። የመጀመሪያዪቱ መኪና በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስትገባ ለአካላትዋ ስም ያወጣላት አልነበረም። ፓራውልት በጣሊያንኛ ግጭት ተከላካይ ማለት ነው፤ ፓራፋንጎ ጭቃ ተከላካይ፤ ባትላሜራም ላሜራ መቺ። ቅኔ ለለመደ ጆሮ ከሁሉ የሚጣፍጠው ግን ኮፈን ነው። በአማርኛ ከከፈን ጋራ ሲሰማ ኅብረ ቃል ይመስላል፤ የሞተ ሰው ልብስና የመኪና ክዳን። ነገር ግን ሥሩን ብንከተል ኮፋኖ በጣሊያንኛ ሣጥን ነው፤ እርሱም ከላቲን፥ ላቲኑም ከጽርእ ቃል ከኮፊኖስ የመጣ ነው፤ ኮፊኖስ ማለት ቅርጫት ነው። ጌታ አምስቱን እንጀራ ባርኮ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ቍርስራሹ የተሰበሰበባቸውን አሥራ ሁለቱን መሶብ የጽርኡ ወንጌል በዚሁ ቃል ይጠራቸዋል። የተማሪ ቁራሽ የምትለቅም መኪና ግንባርዋ በመሶብ ስም ሲጠራ፥ ይህ ያለ ሰው አሳብ የተገኘ ቅኔ ነው አልሁ።

የጋራዡ ባለቤት ወጣት ነው፥ ትሑትም ነው። ዙሪያዋን አይቶ «የኔታ፥ አያስቡ፤ ስቱኮ ሞልተን፥ ቀለም ቀብተን፥ በሁለት ቀን እንደ አዲስ አድርገን እናስረክብዎታለን» አለኝ። የኮፈኑ መቈለፊያም ስለ ተጣመመ ለጊዜው በሽቦ እንደሚያስረው ነገረኝ። በጓሮ በኩል ግን ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው የበርሜል ቍራጭ ይቀጠቅጡ ነበር፤ ተነሥተው መጡና እጃቸውን ከኮፈኑ ሥር አግብተው እንደ ወጌሻ ዳሰሱት። «ስቱኮ ልብስ ነው፥ ሥጋ አይደለም። ወፍራም ስቱኮ በኮረኮንች ላይ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፤ ከላይ እያማረ ከታች ይዝጋል። ሽቦውም አንድ ቀን በሱሉልታ ሜዳ ላይ ነፋስ ሲያገኘው ይበጠሳል፥ ኮፈኑም ተነሥቶ የነጂውን ዐይን ይጋርዳል» አሉ። ወጣቱ አልተቈጣም። «እሺ ጋሼ፥ እርስዎ ይሥሩት፤ ግን ሁለት ሳምንት ይፈጃል» አለ። እኔም ሁለቱን ሳምንት መረጥሁ።

ሥራውን ባየሁት ጊዜ ተማሪ ሆንሁ። በመጀመሪያ ሻንሲው ጐብጦ እንደ ሆነ ለማወቅ ሲባጎ ከአንዱ የብሎን ቀዳዳ ወደ ሰያፍ ማዶው ቀዳዳ ወጠሩ፤ ከዚያም ሌላውን ሰያፍ ለኩ። ሁለቱ ከተካከሉ አጥንቱ ደኅና ነው፤ ከተበላለጡ ግን ላሜራውን ማቅናት ከንቱ ነው። ተካከሉ። ፓራውልቱና በሻንሲው ጫፍ ያለው ማሰሪያ ምቱን ተሸክመውታል። ከዚህ በኋላ ኮፈኑን አውርደው ውስጠኛውን የጐድን አጥንቱን ፈተቱና በቆዳ ላይ ገልብጠው አኖሩት። እኔ ሰው ሁሉ እንደሚያስበው ከመካከሉ፥ ጥልቅ ከሆነው ስፍራ፥ መምታት የሚጀምሩ መስሎኝ ነበር። እርሳቸው ግን ከዳሩ ጀመሩ። ስለ ምን እንደ ሆነ ብጠይቃቸው «ድኩላዋ መጀመሪያ የመታችው መካከሉን ነው፤ ዳሩ የተከተለው ኋላ ነው። ጕዳት በገባበት መንገድ ወደ ኋላ ይወጣል፤ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። መካከሉን ቀድመህ ብትመታው ብረቱ ይለጠጣል፥ ከተለጠጠም ወዴት ይሄዳል?» አሉኝ። በአንድ እጃቸው ከታች ተቀባይ ብረት ይዘው በሌላው ከላይ በቀላል መዶሻ ይመታሉ፤ አንድ ታላቅ ምት ሳይሆን ብዙ ትንንሽ ምት ነው። እንደዚያም ሆኖ ተለጥጦ የላላ ስፍራ ሲገኝ እንደ ሳንቲም የምታህል ነጥብ በእሳት እስክትቀላ አግለው በርጥብ ጨርቅ ድንገት ያቀዘቅዙታል፤ ያን ጊዜ ብረቱ ይሰበሰባል። በስድስተኛው ቀን የቀረው ጕድለት በጥፍር የሚዳሰስ ብቻ ነበር፤ ስቱኮ ያስፈለገው ለዚያ ብቻ ነው፤ እርሱም እንደ ወረቀት የሳሳ።

በምሳ ሰዓት አብረን ተቀምጠን ስንጫወት «እኔ የጠይብ ልጅ ነኝ» አሉኝ፥ እንደ ዋዛ። አባታቸው በገጠር ማረሻ ይሠሩ ነበር። በደብሩ ያሉት መምህር ማረሻቸውን ለአባታቸው እየላኩ ያስጠግናሉ፤ ልጁን ግን ከፊደል ተማሪዎች ጋራ አላስቀመጡትም፤ ሌሎቹ ልጆች ከቡዳ ልጅ ጋራ አንቀመጥም ብለው ነበርና። ይህን ሲነግሩኝ ፊታቸው አልተለወጠም። ከጉባኤያችን ሽማግሎችም አንዱ፥ ኮፈኑን ማን እንደሚሠራው በሰማ ጊዜ፥ «ሌላ ሰው ጠፋ?» ብሎ እንደ ነበር ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ይህን ነገር ለካህናት ወንድሞቼ ሳልናገር ማለፍ አልወድም። ዳግማዊ ምኒልክ የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር ዐዋጅ አስነግረው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗል። በኦሪት ዘፀአት በ31ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር መንፈሱን እንደ መላበት በስሙ የጠራው ባስልኤል በወርቅ፥ በብርና በናስ የሚሠራ አንጥረኛ ነው። ይህን ሁሉ እናውቃለን፥ እንተረጕማለንም። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። እኛ ቅኔ ተምረናል የምንል ሰዎች የጥበባችንን ዋና ስም፥ ሰምና ወርቅን፥ ከየት አገኘነው? ሰሙን በመልክ ቀርጾ፥ በጭቃ ሸፍኖ፥ በእሳት አቅልጦ አፍስሶ፥ በባዶው ስፍራ ወርቅ የሚያፈስሰው ማን ነው? ያ ሰው ከደጃችን ያራቅነው አንጥረኛ ነው። ቃሉን ከወናፉ አጠገብ ወስደን ልጁን ከፊደል ከለከልነው። ስለዚህ ነገር የሚቀርብ ምክንያት ሁሉ፥ ከአባቶች የመጣ ልማድ ነው የሚለውም ሳይቀር፥ ለእኔ ወፍራም ስቱኮ ነው።

ስለ መርካቶ ብዙ አልጽፍም። ሶማሌ ተራ ሄደን ለግራው ዐይንዋ መብራት ስንፈልግ ኦሪጅናል የተባለው ዋጋው የማይደፈር ሆነ፥ ሌላ ገዛን። ራዲያተሩ ግን የጥንቱ ዓይነት፥ መዳብ፥ በመሆኑ ተበይዶ ዳነ፤ የዛሬዎቹ አሉሚኒየምና ፕላስቲክ ናቸው፥ ሲቀደዱ ይጣላሉ እንጂ እንዲህ አይበየዱም። መቈለፊያውም ተቃንቶ በቦታው ገባ፤ ሽቦ አልታሰረም።

የቀረው በኮፈኑ ላይ ያለው ጽሕፈት ነበር። ሽማግሌው መዶሻ ከማንሣታቸው በፊት አሥራ አንዱን ፊደል በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ አንድ በአንድ ገልብጠውት ነበር፤ ቀለሙ ከደረቀ በኋላም ከዚያ ወረቀት እያዩ መልሰው ጻፉት። ማንበብ የማያውቁ ሰው ስለሆኑ በለ ግራ እግር ላይ የነበረውን የቀለም ጭረት እንኳ የፊደሉ አካል መስሏቸው አክብረው ገልብጠውታል። ደቀ መዛሙርቱ ሊያርሙት ብሩሽ አነሡ፤ ተዉት አልኋቸው። ሽማግሌው ግን ከእኔ ቀድመው ሌላ ነገር አይተው ነበር። ጣታቸውን አኑረው «የኔታ፥ ይህችና ይህች አንድ ናቸው፥ ስድስተኛዪቱና ስምንተኛዪቱ። የመጨረሻዪቱም ዘመዳቸው ትመስለኛለች፥ ራስዋ ይመሳሰላል፤ ስማቸው ማን ነው?» አሉኝ። ሁለቱ ማ፥ ሦስተኛዪቱ ም እንደ ሆነች፥ እናታቸውም መ እንደምትባል ነገርኋቸው። ከጕልበታቸው ዝቅ ብለው በአፈሩ ላይ መን ጻፉና ሌሎቹስ ልጆችዋ ስንት ናቸው ብለው ጠየቁ። ሰባቱንም ጻፍሁላቸው፤ ጋራዡ እስኪዘጋ ድረስ ከዚያ አልተነሡም።

ኅዳር በገባ በሁለተኛው ሳምንት መኪናዪቱ የእንጦጦን ዳገት ወጥታ ወደ ሱሉልታ ወረደች፥ ሰባት ኩንታል ገብስና ስንዴ ጭና በማታ ተመለሰች። የግራ መብራትዋ ነጭ፥ የቀኙ ብጫ ስለ ሆነ ደቀ መዛሙርቱ ከሩቅ ለይተዋት ጆንያ ሊያወርዱ ወደ መንገዱ ወጡ።